«ቦርከና ዳር» የሚባል ገጽ ነበረኝ

ሰሞኑን ከሚሴ ላይ መብራት በጠፋ ቁጥር ነጋዴው ሁሉ ጄኔሬተሩን በር ላይ አውጥቶ ያስነሳል። እኔ ደግሞ የቤንዚኑ ሽታ አፍንጫዬ ከደረሰ እግሬ አንድ ቦታ አልቆም ይለኛል። ትናንት ሽንኩርት ልገዛ ወጥቼ ሽታው መንገድ ላይ አገኘኝና፣ ሽንኩርቱን ትቼ አስፋልቱን ይዤ ከመናኸሪያው እስከ ገበያው መታጠፊያ ሄድኩ፤ ተመለስኩ፤ ደግሞ ሄድኩ። የባጃጅ ነጂዎቹ መንገድ የጠፋባት ባልቴት መስያቸው «እማማ፣ የት ላድርስዎት?» ይሉኛል። የት ብዬ ልንገራቸው? እግሬ የሚወስደኝ ቤት ዛሬ ግማሹ የሞባይል መሸጫ፣ ግማሹ ፀጉር ቤት ሆኗል። በሩ ላይ ቆሜ ወደ ውስጥ ሳይ ፀጉር የምትሠራው ልጅ «ይግቡ፣ ወረፋ የለም» አለችኝ። ሻሼን አጥብቄ ሄድኩ።

እዚያ ቤት ከመድረሴ በፊት ስላለው ዘመን ትንሽ ላውራ። ዞኑ አዲስ በተቋቋመ ሰሞን ከሚሴ ማለት አንድ አስፋልትና በግራ ቀኙ የተደረደሩ የቆርቆሮ ቤቶች ነበረች። ጽሕፈት ቤት ሁሉ የሰው ቤት ተከራይቶ ነበር የሚሠራው። እኔ ታይፒስት ነበርኩ። የተቀመጥኩበት ክፍል ጣሪያው ዝቅ ያለ ስለነበር፣ ቀትር ላይ የጨፋ ሜዳ ሙቀት ሲበረታ የታይፑ ቁልፎች ጣት ያቃጥላሉ። ውሃ በጣሳ አጠገቤ አስቀምጬ ጣቴን እየነከርኩ እጽፍ ነበር። ሻይ በሃምሳ ሳንቲም፣ ፓስቲ በዚያው ዋጋ። ሙዝ ከፈለግሽ ከአስፋልቱ ማዶ ያሉት ሴቶች እንዲያው በምርቃት ይጨምሩልሻል። እኛ የመንግሥት ሠራተኛ ሴቶች ከጅዳ የመጣ ድሪያ ማድረግ የጀመርነው ያኔ ነው፤ አበባው ትልልቅ፣ ጨርቁ ስስ፣ ከውስጥ ጉርድ ካልደረቡበት የማይሆን። የካሴት ቤቱ ጥግ ላይ ነበር፤ ጠዋት መንዙማ ይከፍታል፣ ከሰዓት የፍቅር ዘፈን፣ ዓሥር ሰዓት አካባቢ አዛን ሲል ይዘጋና መልሶ ይከፍታል። ያ ሁሉ ድምፅ በመስኮቴ እየገባ እኔ «ጉዳዩ፦» ብዬ ደብዳቤ እመታለሁ። ሰው ሁሉ ለምሳ ሲወጣ ግን ወረቀት ቀይሬ የራሴን እጽፍ ነበር፤ አጫጭር ልብ ወለድ። የሰፈራችንን ሴቶች፣ የወንዙን፣ አረብ አገር ሄደው የቀሩትን።

ኋላ ሰው እያስቸገርኩ አዲስ አበባ ወስጄ መጽሐፍ አሳተምኩ። ስሜ፣ «ሉባባ» የሚለው፣ ሽፋኑ ላይ በቀይ ተጽፎ ሳየው ቀኑን ሙሉ መቀመጥ አልቻልኩም። መጽሐፉ ግን ከሚሴ ውስጥ የት ይሸጣል? መጻሕፍት ቤት የለም። ደሴ ሁለት ቤት አስቀመጥኩ፤ የቀረው በካርቶን ሆኖ አልጋችን ሥር ገባ። ባለቤቴ ይማም አስተማሪ ነው፤ ቀልድ አያልቅበትም። «አልጋችን ከፍ አለች፣ አሁን መሰላል ያስፈልገናል» ይል ነበር። እስቃለሁ፤ ግን ሰው ካላነበበው ምኑን ጻፍኩት?

ያ ዛሬ ፀጉር ቤት የሆነው ቤት የሰዓዳ የኢንተርኔት ቤት ነበር። ሰዓዳ የከሚሴ ልጅ ናት፤ ደሴ ኮምፒውተር ተምራ፣ እዚያው ጥቂት ዓመት ሠርታ ነው በወንድሟ እርዳታ ቤቱን የከፈተች። አራት ኮምፒውተር፣ በየመሀሉ የጨርቅ መጋረጃ፣ በር ላይ ጄኔሬተር። ሚሌኒየሙ ያለፈ ሰሞን ነው። ኢንተርኔቱ በደቂቃ ነበር የሚከፈልበት፤ አንዱን ገጽ እስኪከፍት ሻይ ጠጥተሽ ትመለሻለሽ። እኔ መጀመሪያ የሄድኩት ጽሑፍ በኮምፒውተር ላስመታ ነበር። እሷ አንዲት የውጭ አገር ደራሲ የከፈተችውን ገጽ አሳየችኝ፤ ፎቶዋ አለ፣ ታሪኮቿ አሉ፣ አንባቢዎች ከሥር ይጽፉላታል። ዓይኔ እዚያ ላይ ተተክሎ ቀረ።

«የኔንም መሥራት ይቻላል?» አልኳት።

«ለምን አይቻልም? ቦታውን በነፃ የሚሰጡ አሉ። አማርኛው ነው የሚያስቸግረን።»

አስቸገረንም። ሦስት ሳምንት ከሥራ ስወጣ እየሄድኩ ከሰዓዳ ጎን እቀመጣለሁ። አንዱ ኮምፒውተር ላይ በትክክል የሚነበበው ጽሑፍ ሌላው ላይ ባዶ ሣጥን፣ ሣጥን፣ ሣጥን ሆኖ ይመጣል። መብራት ይጠፋል፤ ጄኔሬተር እናስነሳለን፤ ቤንዚን ያልቃል። ስሙን «ቦርከና ዳር» አልነው። ከላይ የወንዙን ፎቶ፣ ከሥሩ የኔን ሻሽ ያደረግኩበትን ፎቶ አስቀመጥን፤ አራት ታሪኮቼን ጫንን። ከታች ስንት ሰው እንደገባ የሚቆጥር ነገር ነበረው። በየቀኑ እየሄድኩ አየዋለሁ። የሚቆጥረው እኔንና ሰዓዳን ነበር።

አንድ ቀን ሰዓዳ ወንበሯን ወደኔ አዙራ፣ «ሉባባ፣ አትቀየሚኝና፣ ሰው አንቺን ሊያይ አይመጣም። የራሱን ሊያይ ነው የሚመጣ» አለችኝ። ተቀየምኩ። ቤቴ ሄጄ ግን ሳስበው እውነቷን ሆነብኝ። በማግስቱ «የናንተ» የሚል ክፍል ከፈትንና በሩ ላይ ወረቀት ለጠፍን፤ ግጥም፣ ታሪክ፣ ያያችሁትን የሰማችሁትን ጽፋችሁ አምጡ፣ በኢንተርኔት ይወጣል የሚል። ለሚኒባስ ረዳቶችም ነገርናቸው።

ወረቀት ይመጣ ጀመረ፣ ወላሂ ይሄን ያህል ይመጣል ብዬ አልጠበቅኩም። ከሀርቡ፣ ከጨፋ ሮቢት፣ ከባቲ። በደብተር ቅጠል፣ በካርቶን ቁራጭ። አንዷ የሰርግ ዘፈን ከእናቷ ሰምታ ጽፋ አመጣች፤ አንድ የወፍጮ ቤት ሰው ስለ ወፍጮው ግጥም ገጠመ። ሚኒባሱ መናኸሪያ ሲቆም ረዳቱ በመስኮት «የደራሲዋ!» እያለ ፖስታ ይወረውርልኛል። የሰዓዳ ቤት ከሰዓት በኋላ ጉባኤ መሰለ፤ ጽሑፉ የወጣለት ዘመዱን ይዞ ይመጣል፣ ሁሉም አንዱ ኮምፒውተር ላይ አንገቱን አስግጎ ያነባል፣ አማርኛው ከኦሮምኛው ይቀላቀላል፣ ሳቅ ይሆናል። ከዚያ ደግሞ አረብ አገር ያሉ ልጆቻችን አገኙት። የእንግዳ መዝገቡ በነሱ ተሞላ። አንዷ ከጅዳ፣ «የሰው ልብስ እየተኮስኩ ሰርቄ ነው የማነበው፤ ከሚሴ የሚለውን ስም ሳይ ካውያውን ረሳሁት» ብላ ጻፈች። ያን ጊዜ እኔ ዝናብ የነካው ፌንጣ ሆንኩ። እንቅልፌም፣ ምግቤም፣ ወሬዬም እሱ ሆነ። ቢሮ ተቀምጬ ልቤ የሰዓዳ ቤት ነው፤ የሰዓዳ ቤት ሆኜ ልቤ መናኸሪያው ነው፣ የሚቀጥለው ሚኒባስ ምን ያመጣ ይሆን እያልኩ።

አያ ኡመር ጽሑፍ የላኩልን በዚያ ሰሞን ነው። የሰንበቴ ሰው ናቸው፤ ከኔ አሥር አሥራ አምስት ዓመት ይበልጡኛል። ሥራቸው የከብት ደላላነት ነበር። ሰንበቴ በገበያው ቀን አፋሩ ከቆላ ግመሉንና ፍየሉን፣ ደገኛው ከላይ በሬውንና በጉን ይዞ ይገናኛል፤ አያ ኡመር መሀላቸው ቆመው በሦስት ቋንቋ ያስማማሉ። ጽሑፋቸውን የላኩት በሦስት የደብተር ቅጠል፣ በደቃቅ የእጅ ጽሑፍ ነበር። አማርኛውና ኦሮምኛው እንደ ንግግራቸው አንዱ አረፍተ ነገር ውስጥ ይገባ ይወጣል።

ታሪኩ ይሄ ነው። በአንድ የድርቅ ዓመት አንድ አፋር አንዲት ግመሉን ሊሸጥ ይመጣል። የቀረችው እሷ ነች። አያ ኡመር ያሻሽጡለታል፤ ገዢው በመኪና ጭኖ የሚወስድ ነጋዴ ነው። ግመሊቱ ግን መኪናው ላይ አልወጣም አለች። ገፏት፣ ጎተቷት፣ መቷት፤ እንቢ። ያኔ አያ ኡመር ለባለቤቱ «አንተ ቀድመህ ውጣ» ይሉታል። ሰውየው ይወጣል፤ ግመሊቱ ባለቤቷን ተከትላ ትወጣለች። ሰውየው በሌላው ጎን ዘሎ ይወርዳል፤ የኋላው በር ይዘጋል። መኪናው ሲሄድ አንገቷን አዙራ ታየዋለች። ይህን ዘዴ የሰጠሁት እኔ ነኝ፣ ነው የሚሉት። ከአንዲት መዝጊያ አረፍተ ነገር በቀር ሌላ ምንም የለውም።

አነበብኩት። ሰውነቴ ተሸማቀቀ። ሁለተኛ አነበብኩትና ግን፣ ያ የደራሲነቴ ነገር መጣብኝ። ኦሮምኛውን በሙሉ ወደ አማርኛ መለስኩት። አማርኛውንም ራዲዮ ላይ እንደሚነበበው አድርጌ አስተካከልኩት። መጨረሻው ደግሞ ደረቅ ሆነብኝ። መኪናው ከሄደ በኋላ «ከዚያ ሄጄ ምሳ በላሁ» የሚል ነበር። ምሳ! እንዲህ ያለ ታሪክ በምሳ ያልቃል? አወጣሁትና በሱ ቦታ ግመሊቱ እንባዋ በጉንጯ ሲወርድ፣ ደላላውም ፊቱን በሽርጡ ሸፍኖ ሲንሰቀሰቅ ጻፍኩ። ሰዓዳ ኮምፒውተሩ ላይ ስታስገባው «እንዴት ያለ ነገር ነው!» አለች። ሦስቱን ቅጠል ወደ ቤት ወሰድኳቸው። በማግስቱ ጠዋት ከሰል አያይዤባቸዋለሁ። እንግዲህ ተነቧል፣ ተጽፏል፣ ምን ያደርጋል ብዬ።

«ቦርከና ዳር» ላይ ያን ያህል የተነበበ ነገር አልወጣም። ቁጥሩ በየቀኑ ይዘላል። ከሪያድ፣ ከቤይሩት፣ ከጅዳ «አለቀስን፣ አላህ ይስጥዎት፣ ደላላ እንዲህ የሚያዝን ልብ አለው ወይ» እያሉ ጻፉ። እኔ እያንዳንዷን ድምፄን ከፍ አድርጌ አነባለሁ፤ ምስጋናው የአያ ኡመር ቢሆንም እንባው የኔ እንደሆነ አውቃለሁና ደስታዬ ወሰን አጣ።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት አያ ኡመር ራሳቸው የሰዓዳ ቤት መጡ። ሽርጣቸውን አሳምረው፣ ዱላቸውን ይዘው።

«አሰላሙ ዐለይኩም።»

«ወዐለይኩም ሰላም፣ አያ ኡመር! ይግቡ፣ ይግቡ። ሰው ሁሉ እኮ የሚያወራው ስለ እርስዎ ነው።»

«እሱን ብዬ ነው የመጣሁ» አሉና ከደረት ኪሳቸው የታጠፈ ወረቀት አወጡ። ሰው አትሞ ሰጥቷቸው ኖሯል። «እስቲ አንብቢልኝ።»

አነበብኩላቸው፤ ድምፄን እያሳመርኩ። እሳቸው መሬት መሬት እያዩ ሰሙኝ።

«ይሄ የማን ነው?» አሉ ስጨርስ።

«የእርስዎ ነዋ!»

«የኔ አይደለም። ግመሊቱ አላለቀሰችም። እኔም አላለቀስኩም። ምሳ ነው የበላሁ። ምሳዬን ለምን አወጣሽብኝ?»

ሳቅ ሊመጣብኝ ነበር፤ ፊታቸውን ሳይ ጠፋ። «አያ ኡመር፣ ጽሑፍ እኮ ማሳመር ይፈልጋል» አልኩ።

«አሳምሪልኝ አልኩሽ? ያያችሁትን የሰማችሁትን አምጡ ነው ያላችሁት፤ አመጣሁ። ደግሞ ሰውየውን በአማርኛ አላናገርኩትም። ‹ዱራ ኦል በኢ› ነው ያልኩት። እሱም ኦሮምኛ ይሰማል። አንተ ቀድመህ ውጣ ማለት እሱ ነው፣ አውቃለሁ፤ ግን ያልኩት በዚያ አፍ ነው። በሌላ አፍ ስታነቢው ሌላ ሰው ያለው ይመስለኛል። ያለው ሌላ ሰው አይደለም፤ እኔ ነኝ።»

«ጅዳና አዲስ አበባ ያለው አይገባውም እኮ።»

«አይግባው። ማሎ፣ እባክሽ፣ እንደነበር መልሺልኝ።»

ሰዓዳ ከወንበሯ ተነሥታ፣ «እውነታቸውን ነው፣ ሉባባ። ወረቀቱን አምጪውና አሁኑኑ መልሼ ልጻፈው» አለች።

ወረቀቱ! ፊቴ ሲግል ተሰማኝ። ከሰል አያይዤበታለሁ ብል ምን ነበረበት? አፌ ግን ሌላ ነገር አወጣ። «እኔ ደራሲ ነኝ፣ አያ ኡመር። መጽሐፍ አሳትሜያለሁ። የሚሆነውንና የማይሆነውን የማውቀው እኔ ነኝ። ካላመኑኝ መጀመሪያውኑ ባይልኩልኝ ይሻል ነበር።»

ወረቀታቸውን ከእጄ ወስደው ኪሳቸው ከተቱ። ሰዓዳ ትክ ብላ አየችኝ። «በይ እንግዲያው አጥፊው» አሉ አያ ኡመር፤ ዱላቸውን አንሥተው። «ያልሆንኩትን አድርገሽ ለሰው አታሳይኝ።»

«እሺ» አልኩ።

አላጠፋሁትም። ነገ አጠፋዋለሁ እላለሁ፤ ነገ ስሄድ ቁጥሩ ጨምሮ፣ አዲስ ምስጋና ተጽፎ አገኘዋለሁ። ሰዓዳ በየሁለት ቀኑ «አጠፋሽው?» ትለኛለች። መክፈቻ ቃሉን እሷም ታውቀዋለች፤ ግን «ገጹ ያንቺ ነው፣ አንቺው አጥፊው» ብላ እጇን ሰበሰበች። ከሰንበቴ ይመጣ የነበረው ፖስታ ቆመ። ቀጥሎ የባቲው ሳሳ። የሰርጉን ዘፈን ያመጣችው ሴት መንገድ ላይ አግኝታኝ፣ «የኔን ዘፈን ነካክተሽዋል ወይ?» ብላ ጠየቀችኝ። ለካ ወሬው አገር አዳርሷል። ከሰዓት በኋላ የሰዓዳ ቤት ሰው መጣ አልመጣ እያልኩ በር ላይ እመላለስ ነበር፤ የሚመጡት ኢሜይል የሚልኩ ብቻ ሆኑ። ሰዓዳም አግብታ ደሴ ሄደች፤ ቤቱ ተሸጠ። ስንሰነባበት አቅፋ ሳመችኝ፣ ስለ ገጹ ግን አንድ ቃል አልተነፈሰችም።

ከዚያ አንድ ቀን ገጹን ብከፍት ነጭ። ቦታውን በነፃ ይሰጥ የነበረው ድርጅት ተዘግቶ ኖሯል። የወንዙ ፎቶ፣ የወፍጮ ቤቱ ግጥም፣ የጅዳዋ ልጅ ካውያ፣ ሁሉም የለም። አንዷን እንኳ በወረቀት አትሜ አላስቀመጥኩም። አለቀስኩ፤ ይማም አባበለኝ። እንዳልዋሽ ግን፣ ከለቅሶው ሥር እፎይታ ነበረችበት። የግመሉም ነገር አብሮ ጠፋ፣ ተገላገልኩ፣ አልኩ።

አልጠፋም። ዓመታት አልፈው ሰው ሁሉ እጁ ላይ ስልክ ያለው ጊዜ ሲመጣ፣ እኔም ጡረታ ወጥቼ፣ አንድ ጠዋት ወደ ጤና ጣቢያ በባጃጅ ስሄድ ከጎኔ የተቀመጠች ሴት ለጓደኛዋ ከስልኳ ታነባለች። «...እንባዋ በጉንጯ ኮለል ብሎ ወረደ፤ ደላላውም ፊቱን በሽርጡ ሸፍኖ...» የኔ ቃል ነው። ኮማው ሳይቀር የኔ ነው። አረብ አገር ያሉት ገልብጠው ይዘውት ኖሯል፤ ከሰው ሰው እየተላለፈ፣ የአያ ኡመር ስም ግን እንዳለ። «ይሄ ሰውዬ እኮ የሰንበቴ ነው፣ በሕይወት አለ ይባላል» አለች አንባቢዋ። ነጂውን አቁም አልኩትና መሀል መንገድ ላይ ወረድኩ።

ከዚያ በኋላ ቤት አልበቃኝ አለ። ድስት ጥጄ እወጣለሁ፤ ወጥቼ ምን ፈልጌ እንደወጣሁ ይጠፋኛል። ይማም ሁለት ቀን ታገሠኝ። በሦስተኛው ቀን ቁርስ ላይ ሁሉንም ነገርኩት፤ ስለ ወረቀቱም ጭምር። ለማንም ነግሬው አላውቅም ነበር።

«ይሄን ሁሉ ዓመት ከሰል ባያያዝሽ ቁጥር የምትነጫነጪው ለዚህ ኖሯል?» አለኝ። ከዚያ ቀልዱን ተወና፣ «የሰንበቴ ገበያ ነገ ነው። ሂጂ» አለ።

ሄድኩ። ሚኒባሱ ወደ አዲስ አበባ አቅጣጫ ሲከንፍ ግራና ቀኙ ማሽላው ቀልቷል፤ እኔ ግን የምናገረውን እየደረደርኩ እያፈረስኩ አንዱንም አላየሁም። ሰንበቴ እንደ ድሮዋ ናት፤ አቧራው፣ የከብቱ ጩኸት፣ የሚጫኑት መኪኖች፣ አፈር ተቆልሎ የተሠራው መወጣጫ። ደላሎቹ መሀል ፈለግኳቸው፤ የሉም። አንዱ በጣቱ ግራር ሥር አሳየኝ። አያ ኡመር የከብት ገመድ ዘርግተው ይሸጣሉ። ጺማቸው ነጭ ሆኗል።

«ሉባባ ነኝ፣ የከሚሴዋ» አልኩ።

«አውቄሻለሁ» አሉ። ተቀመጪ አላሉኝም።

«ደላላነቱን ተዉት?»

«ተውኩት። አፋሮቹ ያንን ነገር ከሰው ሰምተው ‹አልቅሶልናል› እያሉ እየመጡ እጄን ይጨብጡ ጀመር። ከሌላው ሁሉ እኔን ይመርጣሉ፤ ይሄ አይዋሸንም ይላሉ። ያላለቀስኩትን ለቅሶ ይዤ እንዴት ልነግድበት? ስንቱን አስረዳሁ። ‹ትሑት ነው› ብለው ባሰባቸው።»

የደረደርኩት ሁሉ ጠፋብኝ። «አያ ኡመር፣ አውፍ ይበሉኝ። ያን ቀን ዋሽቻለሁ። መልሺልኝ ሲሉኝ ወረቀቱ አልነበረኝም። ከሰል አያይዤበት ነበር። እሱን ከመናገር ደራሲ ነኝ አልኩ።»

ገመድ የሚገዛ ደገኛ መጣ፤ ለኩለት፣ ሸጡለት፣ ሄደ። ቆሜያለሁ።

«ከሰል?» አሉ።

«ከሰል።»

«ተያያዘ?»

«እ?»

«ከሰሉ። ተያያዘልሽ ወይ?»

«ተያይዞ ነበር።»

ሳቁ። እኔ ግን መሳቅ አልቻልኩም፤ እንባዬ መጣ። የገመድ ጥቅል ገፋ አድርገው «በይ እዚህ ላይ ተቀመጪ» አሉኝ። «አለሽ እሱ ነገር? ስልክሽ ውስጥ?»

አለኝ። ከፍቼ አነብ ጀመር። ደብተርም ይዤ ነበር። ቃል በቃል እየሄድን፣ እሳቸው ሲያስቆሙኝ እቆማለሁ። «እንዲህ አላልኩም» ይላሉ፤ ያሉትን ይነግሩኛል፤ በአማርኛ ሲሉ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ ሲሉ በኦሮምኛ እጽፋለሁ። «ዱራ ኦል በኢ» የሚለው ላይ ስንደርስ ድምፃቸው ወረደ። ወደ መኪኖቹ በኩል አይተው «ነጭ መኪና ነበር፤ ያኔ አልጻፍኩትም፣ አሁን አስገቢበት» አሉኝ። መጨረሻው ላይ ሳንነጋገር ሁለታችንም ቆምን።

«ምን ነበር የበሉት?» አልኩ።

«የፍየል ጥብስ። ርቦኝ ነበር። አስጨምሬ በላሁ። እንዲህ ብለሽ ጻፊ።»

ጻፍኩ። እሳቸው ያሉትን አንዲት ፊደል ሳልጨምር ጻፍኩ።

አሁን ገጽ ለመክፈት ሰዓዳም ጄኔሬተርም አያስፈልግም። እዚያው ስልኬ ላይ «ቦርከና ዳር» ብዬ እንደገና ከፈትኩ። መጀመሪያ የኔን ጥፋት ጻፍኩ፤ የበፊቱ የኔ ፈጠራ እንደነበር፣ ወረቀቱን ምን እንዳደረግኩት። ከሱ ሥር የአያ ኡመርን አስቀመጥኩ። ደሴ ለሰዓዳ ላኩላት፤ «አነበብኩት» ብላ ብቻ መለሰችልኝ፤ ወዲያው ደግሞ ደወለችና ብዙ አወራን። ሌላው ሰው ግን እንደ ድሮው አልጎረፈም። የመጡትም ቅር ብሏቸው ነው የሄዱት።

በሚቀጥለው ገበያ ሰንበቴ ተመልሼ ሄድኩ። አያ ኡመር ከአንዲት ሴት ጋር ስለ ጠፍር ይከራከራሉ። እሷን ሸኝተው ወደኔ ዞሩ።

«አካም፣ እንዴት ሆነ? ምን አሉ?»

መደበቅ አልፈለግኩም። ስልኬን አውጥቼ አነበብኩላቸው። አንዱ «የድሮው ይሻላል» ብሏል። አንዷ «አማርኛው ተበላሽቷል፣ ምኑም አልገባኝ» ብላለች። ሌላው ደግሞ «ሰው እንዲህ አድርጎ ምሳ ይበላል? ምን ዓይነት ጨካኝ ነው!» ብሎ ተቆጥቷል።

«ይህችን ድገሚያት» አሉ፤ የመጨረሻዋን።

ደገምኩላቸው።

«ያለቀሰ የለም?»

«የለም፣ አያ ኡመር። አንድም ሰው አላለቀሰም።»

ራሳቸውን ቀስ አድርገው ነቀነቁ። «አልሐምዱሊላህ» አሉ፤ «እንግዲያ አሁን የኔ ነው።» ከዚያም ገመዳቸውን ወደ ጥላው ሳብ ሳብ አድርገው፣ ፀሐዩ እንዳይመታኝ ቦታ ለቀቁልኝ።